በቅሎ ገሪው እና ልጁ

አንድ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ የጎረቤቱን ልጅ በድንጋይ መትቶ አንድ ዓይኑን አጠፋው። ጠብ አልነበራቸውም። የጎረቤቱ ልጅ ከኋላው መጥቶ ለቀልድ ትከሻውን መታ ቢያደርገው ነው።

የመታው ልጅ አንማው ይባላል። እናቱ በሕፃንነቱ ስለሞተች ያሳደገው አባቱ ድንበሩ ብቻውን ነው። ድንበሩ በቅሎ በመግራት የሚተዳደር ሰው ነበር። በእሱ እጅ ያለፈች በቅሎ ሰው አትረግጥም ይባልለታል።

የሰፈሩ ሽማግሌ አባ ጥሩነህ ስለ እርቅ ሊነጋገሩ ሲመጡ፣ ድንበሩን በረት ውስጥ አንዲት ውርንጭላ ሲያለማምድ አገኙት።

«ይሄን ልጅ ምን እንደነካው እንጃ!» አለ ድንበሩ። «እኔ እንደሆነ ዱላ ሰስቼበት አላውቅም። ገና ድክ ድክ ሲል ጀምሬ ነው የገረፍኩት።»

ይህን ሲል ውርንጭላዋ እጁን ነከሰችው። ድንበሩ እጁን አራግፎ አንገቷን ዳበሳት።

«አትመታትም?» አሉ አባ ጥሩነህ።

ድንበሩ ሳቀ። «ምን ነካዎት አባ! ውርንጭላ ይመታል እንዴ? በልጅነቷ የተመታች በቅሎ ስታድግ ረጋጭ ነው የምትሆነው። የምትረግጠው ደግሞ የመታትን አይደለም፤ የቀረባትን ነው።»

አባ ጥሩነህ በበረቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን፣ እጀታው ከአገልግሎት ብዛት የተላጠውን አለንጋ አዩ።

«ታዲያ ያ አለንጋ ለማን ነው?»

ድንበሩ ቀና ብሎ አለንጋውን አየ። ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ።

ሽማግሌው ሲሄዱ ልጁን ጠራው። ለበቅሎዎቹ እንደሚያደርገው አንገቱን ሊዳብሰው እጁን ዘረጋ። አንማው ግን ያን እጅ የሚያውቀው ለዱላ ሲዘረጋ ብቻ ነው። በአንድ ክንዱ ፊቱን ጋርዶ፣ በሌላው አባቱን ደረቱ ላይ በቡጢ መታው።

«ሁለተኛ አትነካኝም!» አለና ወጣ። ድንበሩ መንደር ለመንደር ፈለገው፤ አላገኘውም።

ዱላ የበላ ልጅ ሁሉ ተደባዳቢ አይሆንም፤ አንዳንዱ ዝም ብሎ ያረጃል። ብዙው ግን የተቀበለውን ይዞ ይዞራል፤ የሚያሳርፈውም ምንም ባላደረገው ሰው ላይ ነው። አንባቢ ሆይ፣ ለበቅሎ ያወቅነውን ለልጅ ማወቅ ለምን አቃተን?

አንማው አልተመለሰም። በግቢው ውስጥ የቀሩት ድንበሩና በቅሎዎቹ ናቸው።