እርስዎ ይቅደሙ

ተረት ተረት ስላችሁ ጠጋ በሉ። እሜት ጃርት ከልጆቿ፣ ከባሏና ከአማቷ ጋር ለእረፍት ወንዝ ዳር ጎጆ ገባች። ዝናቡ ሦስት ቀን ሳያባራ ጣለና ወንዙ ሞልቶ ቤቱን አጥለቀለቀው። ባልና አማት ጠባቡ በር ላይ ተገትረው ቀሩ።

«አባባ፣ እርስዎ ይቅደሙ» አለ ባል።

«አባወራው አንተ ነህ፤ ቅደም፣ በሞቴ!» አሉ አማት።

«ምን ሲደረግ! አይሆንም!»

«ኧረ ልጆቼ ሊሰምጡ ነው፤ አንዳችሁ ውጡ!» ብላ ጮኸች እሜት ጃርት።

«ምነው፣ ሥርዓት አታውቂም እንዴ?» አሏት ሁለቱም።

ጎርፉ ግን አሳዳጊ የበደለው ነበርና፣ ግድግዳውን ጥሶ ሁሉንም ባንድነት አወጣቸው፤ ወስዶም ሾላ ላይ ሰቀላቸው። ውሃው ሲጎድል እሜት ጃርት ልጆቿን ይዛ ወረደችና አገሯ ገባች። ወንዶቹ «ይቅደሙ»፣ «ቅደም» እየተባባሉ እዚያው ናቸው።

ተረቴን መልሱ፤ እነሱንም ሌላ ዝናብ ሳይመጣ አውርዱ።