ጎርፍ ሳይመጣ የተሳበው ገመድ

አንድ ገበሬ ነበረ። ሁለት በሬዎቹን የሚያሰማራው ወንዝ ዳር ነው፤ ሌላ ሣር የለውማ። ወንዙ ግን ተንኮለኛ ነው። እዚህ ፀሐይ እያለ ደጋው ላይ ይዘንብና ደራሽ ውሃ ሳይታሰብ ይመጣል።

ኮረብታው ላይ የመንደሩ ጠባቂ አለ። ጎርፍ ሲያይ ጥሩንባ ይነፋል። ችግሩ፣ ሰው ሲሞትም የሚነፋው ያው ጥሩንባ ነው፤ ለደቦም ያው። ስለዚህ በተነፋ ቁጥር መንደሩ በሙሉ ሥራውን ጥሎ ይወጣና «ለማን ነው?» ይባባላል። ገበሬው አምና እንዲህ ሲያጣራ ወይፈኑን ውሃ ወሰደበት።

ዘንድሮ ሌላ መላ መታ። ከኮረብታው እስከ ቤቱ ረጅም ገመድ ዘረጋና ጫፉ ላይ ቃጭል አሰረ። ጎርፍ ሲመጣ ጠባቂው ገመዱን ይስባል፤ ቃጭሉ ለእሱ ብቻ ይደውላል። ያየው ሁሉ አደነቀ። ጎረቤቱማ፣ ከእንግዲህ ጥሩንባ ቢነፋም ከሥራህ አትነሣ አለው።

ገበሬው እሺ አላለም። ወደ ጠባቂው ወጥቶ፣ ነገ ነጠላዬን ሳውለበልብልህ ጎርፍ ባይኖርም ገመዱን ሳብልኝ ብሎ ለመነው። በማግስቱ አውለበለበና ቃጭሉ ሥር ተቀመጠ፤ እስከ መቶ ሊቆጥር።

«አያ ይመኑ፣ የሌለ ጎርፍ ልትቀበል ነው የተቀመጥከው?» አለ ጎረቤቱ እየሳቀ።

«የሌለውን ካልሰማሁ የሚመጣውን በምን እሰማዋለሁ?» አለና መቁጠሩን ቀጠለ።

መቶ ሞላ። ቃጭሉ ዝም። ገመዱን ተከትሎ ቢወጣ፣ መሀል ላይ ካለው ገደል ውስጥ የበቀለ ግራር በቅርንጫፉ ይዞት አገኘው። ጠባቂው እጁ እስኪላጥ ስቦ ኖሯል። ገደሉ አያስወርድም፤ የደጋው ሰማይ ደግሞ ጠቁሯል። «ለዚህ ክረምት ጥሩንባው ይሁን» አለ ገበሬው፤ ጠባቂውን ገመዱን ተወውና ጎርፍ ስታይ ንፋልኝ ብሎት ተመለሰ።

በሦስተኛው ቀን ጥሩንባው ተነፋ። መንደሩ ወጥቶ ማን ሞተ ሲባባል፣ እሱ ጠያቂዎቹን አልፎ ወደ ወንዙ ይሮጥ ነበር። በሬዎቹን ሲያወጣ ውሃው ጉልበቱ ላይ ደርሷል።

ኤፍራታ፣ «ድራይቨሩ ሥራ ሲጀምር ካርዱን ለምን የውሸት ያስጠራዋል? ጊዜ ማባከን ነው፣ ከኮዱ ልሰርዘው?» ብለሽ ነበር የጠየቅሽኝ። ጠባቂው የኔትዎርክ ካርድሽ ነው፤ ገበሬው ካርዱን የሚያሠራው ፕሮግራም፣ ድራይቨሩ፤ ጎርፉ በኔትዎርኩ የሚመጣው መልእክት። ጥሩንባው ብዙ ዕቃዎች «ሥራ መጣ» ብለው ለመጣራት የሚጋሩት የድሮው የኢንተራፕት መስመር ነው፤ ገመዱ ለካርዱ ብቻ የተዘረጋው አዲሱ መንገድ። አዲሱ ይበልጣል፣ አልክድም። ግን ካርዱ የሚሰካበት አንዳንዱ ማዘርቦርድ ውስጥ ጥሪውን የሚይዝ ግራር አለ። ካርዱ ይጣራል፣ የሚሰማው የለም፣ ማሽኑም ከኔትዎርክ ተቆርጦ ይቀራል። ለዚህ ነው ድራይቨሩ አንዴ አስጠርቶ፣ ጥቂት ጠብቆ፣ ካልሰማ ወደ ጥሩንባው የሚመለሰው። ገመድ ስለተዘረጋ ብቻ ቃጭል አይደውልም።

ተዪው፣ እስከ መቶ ይቁጠር።