በጎረቤቱ ነሐሴ የዘራው ገበሬ

አንድ ሰው ነበረ። ጥያቄህን ለጊዜው ያዘው ኅሩይ፤ መጀመሪያ ይህን ስማ።

ሰውየው ገበሬ ነው። መሬቱ ቀይ አፈር ነበር። ከድንበሩ ማዶ ያለው የጎረቤቱ መሬት ደግሞ ዋልካ ነው፤ ያ ዝናብ ሲመታው እግር የሚይዘው ጥቁር አፈር። አንድ ዓመት የጎረቤቱ ጤፍ ጎተራ ሞልቶ ሲተርፍ የእሱ ለቤት ብቻ በቃ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅናት አንጀቱን ያሳርረው ጀመር። የጎረቤቱን በሬዎች ሲያይ ይከፋዋል፤ የጎረቤቱ ሚስት ስትስቅ በእሱ የምትስቅ ይመስለዋል። «ይህ ሰው ለዘር የሚያውቃት አንዲት ቀን አለች፤ ዘንድሮ ግን አታመልጠኝም» አለ።

ቀይ አፈር ጤፍ የሚቀበለው ሐምሌ ሲገባ ነው። ይህን አባቱ አስተምረውታል፤ አይጠፋውም። እርሻው ተደጋግሞ ታርሶ ለስልሷል፣ ዘሩም ተበጥሮ ተቀምጧል። እሱ ግን በየማለዳው ድንበሩ ላይ ቆሞ ማዶ ማዶውን ያያል።

«ኧረ አንተ ሰው፣ መሬቱ ደረሰ እኮ፤ ዝራ እንጂ!» አለችው ሚስቱ።

«እሱ ሳይዘራ? የሚጠብቀው ነገር ቢኖር ነው እንጂ በከንቱ አይቀመጥም።»

ሐምሌ እንዲህ አለቀ። ነሐሴ በገባ በሳምንቱ ጎረቤቱ ዘር ይዞ ወጣ። እሱም ሮጦ ወጣ። ያ ሲበትን በተነ፤ ያ ሲያርፍ አረፈ። ቡቃያው አምሮ ስለወጣ ሰውየው በዓመቱ ጥሩ እንቅልፍ ተኛ። መስከረም ላይ ዝናቡ ቆመ። ዋልካው ውሃ ይዞ ቆየ፤ ቀዩ አፈር ግን ቶሎ ደረቀ። ጤፉ ፍሬ ሳይቋጥር ገለባ ሆኖ ቀረ።

ሰውየው ድንበሩን ተሻግሮ ሄደና «አታለልከኝ!» አለ።

ጎረቤቱ ደነገጠ። «እኔ? ሐምሌን ሙሉ በአንተ መሬት ስቀና አይደል እንዴ የከረምኩት! የእኔ ጭቃ በሬ አላስገባ ሲል ያንተ ለስልሶ ተኝቷል። ምነው የእኔ በሆነ እል ነበር።»

«ታዲያ ዝራ አትለኝም ነበር?»

«ብልህስ መች ታምነኝ ነበር?»

ሰውየው ድንበሩን ተሻግሮ ወደ ገለባው ተመለሰ።

እና አንተ ልጄ፣ «የኔታ፣ ጊዜዬ መቼ ነው?» ብለህ ጠየቅኸኝ። አብሮ አደግህ ከተማ ገብቶ በትልቅ ደብር መሪጌታ ሆነ፤ ነገሩ እንዳንገበገበህ ፊትህ ይናገራል። አንተም ትልቅ ደብር እስኪጠራህ ትጠብቃለህ። ቆላ ያለችው ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ግን ልጆቿን ፊደል የሚያስቆጥርላት አጥታ ሦስት ጊዜ ላከችብህ፤ ሦስቴም «ቆይ» አልክ። የሰው ወርቅ አያደምቅም ይላሉ፤ የሰው ነሐሴም ፍሬ አያሲዝም። እያለፈ ያለው ያንተ ሐምሌ ነው። አራተኛው መልእክተኛቸው ከጠዋት ጀምሮ ደጄ ላይ ተቀምጧል። የእኔን ዓይን ምን ታያለህ? ውጣና መልስለት።