ትርፌና የተበጠሰው ጠፍር

ኑ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ! ወሬዬ ሰንሰለት ነውና መሐል ላይ እንዳትበጥሱብኝ።

በደቡብ፣ እንሰት በሚበዛበት አገር፣ ጎልባ በምትባል ቀበሌ ትርፌ የምትባል ሴት ነበረች። ዕድሜዋ አርባን ተሻግሯል፤ ጠባይዋ የተመረቀ ነው። አንድ አመል ብቻ አለባት፤ «እንዴት?» ማለት ታበዛለች። «ዶሮ ቆጥ ላይ ተኝታ እንዴት አትወድቅም? ድምፅ በሽቦ ውስጥ እንዴት ያልፋል?» ባሏ «አንቺ ሴት፣ ፈጣሪን እንኳ ታደክሚዋለሽ» ይላት ነበር።

ከሁሉም የከነከናት የስፌት መኪና ነው። አንዱ ክር ከላይ ይገባል፤ ሌላው ከታች ተደብቆ ይቀመጣል፤ መርፌዋ ወርዳ ስትወጣ ሁለቱ ተያይዘው ይገኛሉ። ገበያ በወጣች ቁጥር ልብስ ሰፊው ደጃፍ ቆማ ታያለች። አንድ ቀን ደፍራ «የታችኛው ክር እንዴት ነው ወደ ላይ የሚወጣው?» ብትለው፣ «ጨርቅ ካለሽ አምጪ፤ ከሌለሽ ሥራ አታስፈቺኝ» አላት።

ታዲያ አንድ ሰኞ ከአዳማ፣ ከአንድ ቤተ ክርስቲያን፣ አራት ሰዎች ለአምስት ቀን አገልግሎት መጡ። ጠዋት ወንጌል ይናገራሉ፤ ከዚያ እስከ አመሻሽ ሙያ ያስተምራሉ። አንዱ አናጢ ነው፤ አንዱ የመብራት ሠራተኛ፤ አንዷ ሳሙና ሠሪ፤ አራተኛው ኤልያብ የሚባል ልብስ ሰፊ። ኤልያብ ሁለት በእግር የሚረገጡ የስፌት መኪናዎች ይዞ መጥቷል፤ ሲሄድም ለመንደሩ ሊተዋቸው ነው። የአጥቢያው ሽማግሌ ሃንዲሶ ሃያ ተማሪ መዘገበ፤ ሃያኛዋ ትርፌ ሆነች።

ረቡዕ ከሰዓት የአንደኛው መኪና ጠፍር፣ ያ መርገጫውን ከላይኛው መዘውር የሚያገናኘው የቆዳ ገመድ፣ ጧ! ብሎ ተበጠሰ። ሃያ ሰው በአንድ መኪና ሆነ። ሐሙስ ጠዋት ትርፌ ወረፋውን በጣቷ ብትቆጥር፣ እንግዶቹ አርብ ከሰዓት ሲሄዱ ገና አሥራ ሦስተኛው ላይ ይደርሳል።

«እህት ትርፌ፣ መለዋወጫ አልያዝኩም» አላት ኤልያብ። «ከተማ ደርሼ እንዳልመለስ ቀን የለኝም። ጠፍር የሚቆርጥልኝ ሰው ባገኝ ግን ዛሬውኑ አዞረው ነበር።»

«እኔ አስቆርጬ አመጣለሁ» አለች።

ጠፍሩ ካልተቆረጠ መኪናው አይዞርም፤ መኪናው ካልዞረ ትርፌ የክሩን ነገር አታይም።

ቆዳ ፋቂው አኑሎ ከወንዙ ማዶ ይኖራል። በዚያ አገር ከጥንት በወረደ ልማድ ቆዳ ፋቂ፣ ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ ከሌላው ሰው ጋር አይበሉም። ሰው ዕቃቸውን ከደጅ ተቀብሎ ይመለሳል እንጂ ግቢያቸው አይዘልቅም። ትርፌም ዘልቃ አታውቅም ነበር። ዛሬ ግን ጠፍሩ ቸኮለባትና አጥሩን አልፋ ገባች።

«ጋሽ አኑሎ፣ እንደምን አደሩ?»

አኑሎ «ጋሽ» ተብሎ ስለማያውቅ፣ ሌላ ሰው መጥቶ እንደሆነ ብሎ ወደ ኋላው ዞሮ አየ። ማንም የለም።

«ቆዳውማ ይኸው ተወጥሯል» አላት ጉዳይዋን ሲሰማ። «መፋቂያዬ ግን ስለቱ ተሸራርፏል። በዚህ ብፍቅበት ይቀደድብኛል። ቀጥቃጩ ኤርሱሞ በእሳት አግሎ ይቀጥቅጥልኝና ጠፍርሽን እቆርጥልሻለሁ።»

«ጸጉሩ ግን እንዴት ነው የሚለቀው?» አለች ትርፌ፤ አያስችላትም። አኑሎም አሳያት። ከዚያ መፋቂያውን ተቀብላ ሄደች።

መፋቂያው ካልተቀጠቀጠ ቆዳው አይፋቅም፤ ቆዳው ካልተፋቀ ጠፍሩ አይቆረጥም፤ ጠፍሩ ካልተቆረጠ መኪናው አይዞርም፤ መኪናው ካልዞረ ትርፌ የክሩን ነገር አታይም።

ቀጥቃጩን ኤርሱሞን ከቀዘቀዘ ምድጃ አጠገብ ተቀምጦ አገኘችው።

«ወናፌ ታመመብኝ» አላት። «ነፋሱ ወደ ፍሙ የሚገባበት የሸክላ አፍ ማክሰኞ ለት ተሰነጠቀ። የምትሠራው የወንድሜ ሚስት ቦጋለች ናት። ስድስት የተተኮሰ አፍ ቤቷ ደርድራለች፤ አንዱን አትሰጠኝም!»

«ለእርስዎ? ለባሏ ወንድም?»

«ለእኔ። ሰኞ ለት ምላለች። ምን ሆና እንደሆነ አንቺ ጠይቂያት፤ እኔስ ፈራኋት።»

አፉ ካልተገኘ ወናፉ አይነፋም፤ ወናፉ ካልነፋ መፋቂያው አይቀጠቀጥም፤ መፋቂያው ካልተቀጠቀጠ ቆዳው አይፋቅም፤ ቆዳው ካልተፋቀ ጠፍሩ አይቆረጥም፤ ጠፍሩ ካልተቆረጠ መኪናው አይዞርም፤ መኪናው ካልዞረ ትርፌ የክሩን ነገር አታይም።

ቦጋለች ጭቃ እየረገጠች ነበር። ትርፌን ስታይ አላቆመችም።

«እንስራ ከሆነ ፍላጎትሽ፣ የለም።»

«እንስራ አይደለም፤ አንቺን ፈልጌ ነው። ስምሽን ከኤርሱሞ ሰማሁ። ይኸን ሁሉ ዓመት ባንቺ እንስራ ውኃ ቀድቼ ስምሽን አለማወቄ አሳፍሮኛል።»

ያን ጊዜ የቦጋለች እግር ቆመ።

«ሰኞ ታጥቤ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ ልመዘገብ መጥቼ ነበር» አለች። «ሃንዲሶ ከበር መለሰኝ። ‘ሞልቷል’ አለኝ። ከእኔ ኋላ የመጡ ሰባት ሰዎች ሲገቡ ቆሜ ቆጠርኩ። እኔም ስሜ እዚያ ደብተር ላይ ካልተጻፈ ከቤቴ ሸክላ የሚባል ነገር አይወጣም ብዬ ማልኩ። ለዘመድም ቢሆን።»

ከሰባቱ አንዷ ራሷ ትርፌ ነበረች። ፊቷ ጋለ። ተነሥታ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ገሠገሠች።

ስሟ ካልተጻፈ አፉ አይገኝም፤ አፉ ካልተገኘ ወናፉ አይነፋም፤ ወናፉ ካልነፋ መፋቂያው አይቀጠቀጥም፤ መፋቂያው ካልተቀጠቀጠ ቆዳው አይፋቅም፤ ቆዳው ካልተፋቀ ጠፍሩ አይቆረጥም፤ ጠፍሩ ካልተቆረጠ መኪናው አይዞርም፤ መኪናው ካልዞረ ትርፌ የክሩን ነገር አታይም።

ሃንዲሶ ደብተሩን በብብቱ ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። ትርፌም ሸክላ ሠሪዋን እንዲጽፋት ለመነችው።

«ልጄ፣ ሃያ ሰው በአንድ መኪና እየተጋፋ እንዴት ብዬ ልጨምር?» አለ። «ሁለተኛው መኪና ይዙርና ያን ጊዜ እጽፋለሁ።»

ትርፌ ደረጃው ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። መኪናው ካልዞረ ስሟ አይጻፍም፤ ስሟ ካልተጻፈ አፉ አይገኝም፤ አፉ ካልተገኘ ወናፉ አይነፋም፤ ወናፉ ካልነፋ መፋቂያው አይቀጠቀጥም፤ መፋቂያው ካልተቀጠቀጠ ቆዳው አይፋቅም፤ ቆዳው ካልተፋቀ ጠፍሩ አይቆረጥም፤ ጠፍሩ ካልተቆረጠ መኪናው አይዞርም፤ መኪናው ካልዞረ... አይ! ዞሮ ዞሮ እዚያው።

«እንግዲያው ጋሽ ሃንዲሶ፣ የኔን ስም ይሰርዙና የሷን ይጻፉ» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ሃያ ከሆነ ሃያ ይሁን። እኔ ልውጣ።»

ሃንዲሶ ደግማ ብትለምነው እምቢ ሊል ተዘጋጅቶ ነበር፤ ለዚህ ግን አልተዘጋጀም። ደብተሩን ገለጠ፤ እስክሪብቶውን አወጣ፤ የትርፌን ስም ሰረዘ። ከዚያ እጁ ቆመ።

«ሸክላ ሠሪዋ... ማን ነበር የምትባለው?»

«ቦጋለች። እኔም ዛሬ ነው ያወቅሁት።»

ኤልያብ መቀሱን እንደያዘ ከኋላ ቆሞ ይሰማል።

«አባቴ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ሰኞ ለት ‘የፈለገ ሁሉ ተመዝግቧል’ ብለውኝ ነበር እኮ።»

ሃንዲሶ ቀና አላለም። «ከእሷ ጎን አንቀመጥም ይሉኛል ብዬ ነው» አለ። «እኔም ራሴ...» አልጨረሰውም። ጎንበስ ብሎ ጻፈ፤ ቦጋለች።

ስሟ ተጻፈ!

ስሟ ሲጻፍ አፉ ተገኘ፤ አፉ ሲገኝ ወናፉ ነፋ፤ ወናፉ ሲነፋ መፋቂያው ተቀጠቀጠ፤ መፋቂያው ሲቀጠቀጥ ቆዳው ተፋቀ፤ ቆዳው ሲፋቅ ጠፍሩ ተቆረጠ፤ ጠፍሩ ሲቆረጥ ኤልያብ ጫፍና ጫፉን በሽቦ አያይዞ መዘውሩ ላይ አገባው፤ ኤርሱሞና አኑሎም ግቢው ውስጥ ቆመው እያዩት፣ ገና ጀምበር ሳትጠልቅ፣ ጠክ ጠክ ጠክ ጠክ! መኪናው ዞረ።

ትርፌ ከአጥሩ ውጭ ሆና ድምፁን ሰማች፤ ስሟ ተሰርዟላ! ነጠላዋን ሰብስባ ልትሄድ ስትል የሃንዲሶ ድምፅ መለሳት።

«ሁለተኛው ሲዞር እጽፋለሁ ብያለሁ። ሃያ አንድ፣ ትርፌ! ወዴት ትሄጃለሽ?»

አርብ ጠዋት ኤልያብ ከመርፌው ሥር ያለችውን የብረት ክዳን አንሸራትቶ ከፈተና መዘውሩን በእጁ ቀስ ብሎ አዞረ። ትርፌና ቦጋለች ግንባራቸው እስኪነካካ ጎነበሱ። መርፌዋ የላይኛውን ክር ይዛ ወረደች። ልትመለስ ስትል ክሩ ትንሽ ቀለበት ሠራ። ከታች የምትሽከረከር መንጠቆ ቀለበቱን ቀልባ በታችኛው ክር ዙሪያ አሳለፈችው። ከዚያ ሳብ! ሁለቱ ተያያዙ።

«ለካ የላይኛው ነው ወርዶ የሚያመጣው!» ብላ ጮኸች ትርፌ። «እኔ ስንት ዓመት የታችኛው ብቻውን የሚወጣ መስሎኝ!»

«እስቲ እንደገና አዙረው» አለች ቦጋለች።

አሥራ አንድ ጊዜ አዞረላቸው።

ቀትር ላይ የመሸኛ ምሳ ቀረበ፤ ቆጮና ጎመን። ቦጋለች ከቤቷ በኮባ ቅጠል ጠቅልላ ያመጣችውን አወጣችና እንደለመደችው ወደ አጥሩ ጥግ ሄዳ ብቻዋን ተቀመጠች። ትርፌ ልትነሳ ስትል ሃንዲሶ ቀደማት። ከእንግዶቹ መሐል ሰሃኑን ይዞ ተነሣ፤ ግቢው ሁሉ እያየው አቋርጦ ሄደ፤ ጉልበቱን እየያዘ ቦጋለች አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«የኛ ጎመን ጨው አንሶታል» አላት። «ያንቺስ?»

ቦጋለች ቅጠሉን ገልጣ ወደ እሱ ገፋ አደረገችው።

«ይቅመሱታ» አለች።

ቀመሰ።

የኔም የወሬ ክር እዚህ ላይ አለቀ፤ እኔ በጠስኩት፣ ቋጠሮው የእናንተ ነው።