በጋቢ ስር የተያዘ አማና

ቢስሚላህ። መስጊዷና የከብት ገበያዋ በአንድ አጥር በሚዋሰኑባት አንዲት ጥንታዊ ከተማ ሐጂ ቡሽራ የሚባሉ ደግ ነጋዴ ነበሩ። በዚያ ገበያ ዋጋ በአፍ አይጠራም፤ ገዢና ሻጭ እጃቸውን ጋቢ ስር አገናኝተው በጣት ይስማማሉ። የተስማሙበት ዋጋ አማና፣ የአላህ አደራ፣ ነውና ለሦስተኛ ሰው አይነገርም።

የሐጂ ቡሽራ ንግድ ከተዳከመ ቆይቷል። ተፎካካሪያቸው ሐጂ ሸምሰዲን ምርጥ ምርጡን ሰንጋ እየቀደሟቸው ስለሚገዙ፣ በረታቸው ሊዘጋ አንድ ሐሙስ ነው የቀረው።

ታዲያ አንድ ቀን ከዙህር ሶላት በኋላ የሐጂ ሸምሰዲን ዋና ወኪል የነበረው ከሊፋ መጣ። ከጌታው ተጣልቶ ወጥቷል። ቤቱ ጾም ሊያድር ነው፤ ለገበያ የሚያቀርበውም ከሚያውቀው ምስጢር ሌላ ምንም ያለው አይመስለውም።

«ሐጂ፣ ቢቀጥሩኝ አይቆጩም። የትኛው አርቢ ለሐጂ ሸምሰዲን በስንት እንደሚሸጥ አንድ በአንድ...»

«ዝም በል!» አሉ ሐጂ ቡሽራ።

ከሊፋ ክው አለ። በቃ፣ አለቀልኝ አለ በልቡ።

«ከብት ታውቃለህ?»

«አዎ ሐጂ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ።»

«እንግዲያው ነገ ና። ይህ የግዢ ወቅት እስኪያልፍ ግን ከእሳቸው ደንበኞች ጋር እጅህን ጋቢ ስር አታስገባም። በረት ውስጥ የታመመውን ከጤነኛው ትለይልኛለህ። ደሞዝህ ሙሉ ነው።»

ልጃቸው ሙባረክ ተንጨረጨረ። «አባ፣ ምን ነካዎት? በረታችን ሊዘጋ እኮ ነው!»

«ከተዘጋም በሐላል ይዘጋ፣ ልጄ።»

ከሊፋ ለመግሪብ ሶላት ውዱእ ሊያደርግ ፊቱን ሲታጠብ እንባው ከውሃው ቀደመ። እስከዚያች ቀን በሆዱ የያዘውን እንጂ እሱን የፈለገው ሰው አልነበረም።

ሐጂ ቡሽራ በዚያ ወቅት ባለጸጋ አልሆኑም። ነገር ግን ከሊፋ ዓይኑን የጣለበት በረት የታመመ ከብት አያወጣም ተባለና ገዢዎች አንድ ሁለት እያሉ ተመለሱ። ምስጢራቸው ወጥቶ የሚከስሩበትን ቀን ሲጠብቁ የከረሙት ሐጂ ሸምሰዲን ከጁምዓ በኋላ መጥተው ጠየቁ።

«ምስጢሬን ሁሉ የያዘ ሰው እጅዎ ገብቶ፣ ምነው ማሩኝ?»

«እኔ የቀጠርኩት ከሊፋን ነው፤ የእርስዎን ቤት አልቀጠርኩም።»

ሱብሃነላህ! ሠራተኛ የተሻለ እንጀራ ፍለጋ ቤት ቢቀይር ነውር የለበትም፤ ቀጣሪም ጎበዝ ሰው ቢመርጥ መብቱ ነው። ዛሬ ግን ድርጅቶቻችን የተፎካካሪያቸውን ሥራ አስኪያጅ በእጥፍ ደሞዝ ሲያባብሉ፣ የሚገዙት ችሎታውን ነው ወይስ የጎረቤታቸውን ጓዳ? ጓዳ በርብሮ የቀደመ፣ ከማንም ጋር አልተወዳደረም። አላህ ለሐጂ ቡሽራ ይዘንላቸው፤ እኛንም ሰውን ለሰውነቱ ከሚቀጥሩት ያድርገን።