ከመቃብሩ ያልደረሰው ድንጋይ

ይህን ያቀበለችኝ እዚህ እስራኤል በምንኖርበት ሕንጻ ከእኛ በላይ ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ጥሩወርቅ ናት። ልብስ ልታሰጣ በረንዳ ብትወጣ፣ ከሥር አግዳሚው ላይ የቤተ እስራኤሉ ቄስ አለምነውና ጎረቤታችን ታከለ ተቀምጠዋል። ልብሱን ትታ ጆሮዋን አሰጣች። ካናዳ ያለችው የታከለ የእህት ልጅ ሺራ፣ ለአይሁድ ወጣቶች በነጻ የሚሰጠውን እስራኤልን የማያ ትኬት፣ «ጎረቤቶቻችሁ ፍልስጤሞች እንዲያ እየሆኑ አልመጣም» ብላ መልሳለች። የታከለ ፊት ከስሎ ነበር አሉ።

«አባ፣ ይህች ልጅ ከወገን ወጣች ማለት ነው? በሬን ልዝጋባት?» አላቸው።

ቄሱም ምርኩዛቸውን መሬት ላይ ተክለው እንዲህ አሉት፦

አንድ ሰው ነበረ። ባለጠጋ ነው፤ የአያቱም መቃብር በእርሱ ኮረብታ ላይ ነው። ክፉ አልነበረም። ዘመዶቹ በየሰው አገር ሲገፉና ሲሰደቡ በሩን የከፈተላቸው እሱ ብቻ ነው። በየዓመቱ አዝመራ ሲገባ በቅሎና ስንቅ ይልካል። የተበተኑት የዘመድ ልጆች ይመጣሉ፤ ከኮረብታው ግርጌ እያንዳንዳቸው አንድ ድንጋይ በአናታቸው ተሸክመው ይወጣሉ፤ መቃብሩ ላይ አኑረው፣ አልቅሰው፣ በልተው ጠጥተው ይመለሳሉ።

ድንጋዩ የማን እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም። ለካ የአንድ ገበሬ የድንበር ካብ ኖሯል። ድንበሩን የገፋ እጅ የለም፤ የአያት ፍቅር ተሸክሞት ወጣ እንጂ። ካቡ በጎደለ ቁጥር ግን የባለጠጋው ማረሻ አንድ ትልም ወደ ታች ይወርዳል።

በሩቅ አገር ያለች አንዲት ልጅ ይህን ከመንገደኛ ሰማች። ተራዋ ደርሶ በቅሎዋ ደጃፍ ስትቆም «አልሄድም» አለች።

የአባቷ ዓይን ደም ለበሰ። «ሲገፉን ያስጠጋን ማን ሆነና ነው? ለባዕድ ካብ ብለሽ የሥጋሽን ፊት ታጠቁሪያለሽ?»

«ሥጋዬ ስለሆነ ነው አባዬ። ሌላ ሰው ቢያደርገውማ ምን ያቃጥለኛል?»

«እንግዲያ ልጄ አይደለሽም!»

ይበልጥ ያስጨነቃት ግን ሌላ ነው። የዚያ የተቀበረው ሰው የመጨረሻ ልጅ፣ አያቷ፣ አልጋ ላይ ናት። «በስሜ አንዲት ድንጋይ አባቴ ራስጌ አኑሪልኝ፤ ከዚያ ልሙት» ብላ እሷኑ ትጠብቃለች።

ልጅቱ ከገዛ ግቢያቸው ድንጋይ አንሥታ በነጠላዋ ቋጥራ በእግሯ ሄደች። ግርጌ ስትደርስ ገበሬው ከካቡ በተረፈው ላይ ተቀምጧል።

«አንቺም ልትወስጂ መጣሽ?» አላት ሳይነሣ።

«የራሴን ይዣለሁ። በማሳህ ልለፍ?»

ቀና ብሎ አያት። ፈቃድ የጠየቀው ሰው አልነበረም። «እለፊ» አላት።

ላይ ግን የባለጠጋው ዘበኛ በሩን ያዘ። «በጌታዬ በቅሎ ያልመጣ እንግዳ አይደለም» አለ። ለመነችው፤ የአያቷን ስም ጠራችለት። «እሺ፣ ኩራትሽን ተዪና ከካቡ አንድ ድንጋይ አምጪ፤ እንደ ወንድሞችሽ ትገቢያለሽ» አላት። መቃብሩ ከትከሻው ባሻገር ይታያታል፤ ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። ቆመች፣ ቆመች። ከዚያ ወረደችና የአያቷን ድንጋይ ካቡ በጎደለበት አስቀምጣ ተመለሰች።

አልዋሸችም። «እምዬ፣ ድንጋይሽ ከአባትሽ ራስጌ አልደረሰም። ከጎረቤቱ ድንበር ላይ ነው ያለው» አለች።

አሮጊቷ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ልጅቱ ተረገምሁ አለች በልቧ። በኋላ ግን፣ «ያን ካብ አባቴና የገበሬው አባት አብረው ሲክቡት» አለች አሮጊቷ፣ «ጠጠሩን የማቀብላቸው እኔ ነበርሁ።»

ቄሱ ወደ ታከለ ዞሩ። «ሰማህ ልጄ? በቅሎውን የመለሰ ሁሉ መቃብሩን አልካደም። የእህትህ ልጅ ስለ ድንጋዩ ተሳስታ ይሆናል፤ ደውልና ተከራከራት። ጠየቀች ብለህ በር ከዘጋህባት ግን፣ ያ ዘበኛ አንተ ነህ።»

ተረቱንም እንዲህ ቋጩት፦ አሮጊቷ በሳምንቱ ሞተች። አባትየው ልጁን እንዳኮረፈ ቀረ። በቅሎዎቹ በየዓመቱ ይሄዳሉ። ካቡ አንድ ድንጋይ ጨምሯል።

ታከለ እዚያው አግዳሚው ላይ ስልክ ደወለ። ሺራ አላነሣችም። በማግስቱም ደወለ።