አልጮህም ያለው የደሴት ደወል

ቀረብ በሉ፣ ቀረብ። ኋላ ያለው አልሰማሁም እንዳይለኝ። እናንተ ጆሮ አበድሩኝ፣ እኔ ደግሞ አንድ ደወል አሰማችኋለሁ።

ወሰንየለሽ የምትባል የድሬዳዋ ልጅ ነበረች፤ እንግሊዝኛ ልትማር ደብሊን ሄደች። አባቷ አቶ ሸዋንግዛው በወጣትነታቸው የመርከብ ሰው ነበሩ፤ ከአሰብ ተነስተው ያልረገጡት ወደብ የለም። አንድ ጊዜ በአየርላንድ ምዕራብ ዳር መርከባቸው ጭጋግ ውስጥ ገባች። ከፊታቸው ያለው ውሃ ይሁን ቋጥኝ አይታይም። ያኔ ከአንዲት ትንሽ ደሴት ደወል ተሰማ። መርከቧ ድምፁን እየሰማች፣ እየሸሸች፣ በሰላም አለፈች። ወሰንየለሽ የተወለደችው ከዚያ በኋላ ነው። ደወሉ ባይኖር እሷም የለችም፤ እኔም የማወራው አጥቼ አፌን ይዤ እቀመጥ ነበር።

ልጅ ሳለች፣ የድሬ ሙቀት ከቤት ሲያስወጣቸው፣ አልጋው ግቢ ይወጣል። አባቷ የአልጋውን ብረት በማንኪያ መታ ያደርጉና «እንዲህ ነበር የሚለው» ይላሉ። ትንሽ ያስባሉ። «አይ፣ ከዚህ ወፈር ይላል።» ደግመው ይመታሉ። እሷም ትክክለኛውን ድምፅ ሳትሰማ እንቅልፍ ይወስዳታል። ያንን ጊዜ ስታስበው ዛሬም ሆዷ ይባባል።

አሁን የአቶ ሸዋንግዛው አንደኛው ጆሮ ተዘግቷል፤ ሁለተኛውም እየተከተለው ነው። ሐኪሙ ብዙ አይቆይም ብሏል። አንድ ቀን በስልክ «ልጄ፣ ያቺን ደሴት ካገኘሻት፣ ደወሉን በስልክ…» ብለው ጀመሩና «ግዴለም፣ ተይው፣ አትልፊ» አሉ። ወሰንየለሽ አባቷን ታውቃለች። ከልባቸው የፈለጉት ነገር ላይ ነው ግዴለም የሚሉት። ፍላጎቷ እንግዲህ ይቺው ናት፦ ደወሉ አንድ ጊዜ ይደወል፣ አባቷም ይስሙ። ሌላ ምንም አልፈለገችም።

ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ አውቶቡስ ተሳፍራ ወደ ምዕራብ ሄደች። መስኩ ሁሉ አረንጓዴ፣ አጥሩ ሁሉ ድንጋይ፣ በጉ ሁሉ የመንገዱ ባለቤት ነኝ ባይ። ደወል ያላትን ደሴት እየጠየቀች፣ መንገዱ ያለቀበት መንደር ውስጥ ፈርገስ የሚባል ሽማግሌ ጀልባ ቀዛፊ አገኘች። ፈርገስን አንቱ ስላላልኩት እንዳትቆጡኝ፤ እዚያ አገር ሽማግሌውም ሕፃኑም የሚጠራው በአንድ ቃል ነው። የወሰንየለሽ አፍ እንግሊዝኛ ቢያወራም ልቧ ግን «እርስዎ» ነው የሚለው፤ እኔም ንግግሯን እንደ ልቧ እነግራችኋለሁ።

«ደወሉ አለ ወይ?» አለችው፣ ቃሉን ስትፈልግ እየተንተባተበች።

«አለ። ሰዉ ግን ደሴቷን ለቆ ወጥቷል። ማን ይደውለዋል?»

«እርስዎ ይውሰዱኝ።»

ፈርገስ በጣቱ አሳያት። ጀልባው ባሕር ዳር በአፉ ተደፍቷል። ጀልባ ሲባል፣ የእንጨት ማገር ላይ ሸራ ወጥረው በሬንጅ የቀቡት ነው፤ ሬንጁ ደግሞ ተሰነጣጥቋል። «ይህንን ጀልባ አዳሹ ሚሆል ካልቀባው ባሕሩ ወንፊት ያደርገዋል። ሚሆል ያለው ጎልዌይ ነው። ለማንኛውም ሻይ ጠጪ።»

«አይ፣ አመሰግናለሁ፣ ጠጥቻለሁ» አለች፤ አልጠጣችም።

«ትንሽ ብቻ።»

«አይ፣ አያስቸግሩ።»

«ኧረ ውሃው ፈልቷል።»

«እሺ፣ ትንሽ ካሉ።» ጠጣች። ወይ ጉድ፣ እነዚህ ሰዎች እንደ እኛው ናቸው አለች በልቧ። እምቢ ሲሏቸው አይሰሙም። ናፍቆቷ ትንሽ ቀለል አለላት።

ሄደች። ሚሆል ካልቀባ ጀልባው አይሄድም፤ ጀልባው ካልሄደ ደወሉ አይጮህም፤ ደወሉ ካልጮኸ አባቷ አይሰሙም፤ ጆሯቸው ደግሞ አይጠብቅም።

ጎልዌይ ዝናብ ነው፣ ነፋስ ነው፣ መንገድ ላይ ሙዚቃ ነው። ሚሆልን ከወንዙ አፍ አጠገብ አገኘችው፤ ነጫጭ ዳክዬዎች የመሰሏትን አንገተ ረጃጅም ወፎች ዳቦ ያበላል። ነገሯን ሁሉ ዘረዘረችለት። ሚሆል ጢሙን እያሻሸ ሰማና «እኔ ሬንጅ የምቀባው ወዳጄ ኤመን ቫዮሊን ሲጫወት ነው» አላት።

«ያለ ሙዚቃ አይቀቡም?»

«እጄ በዜማ ነው የለመደው። ዜማ ከሌለ አንዱ ጋ ይወፍራል፣ አንዱ ጋ ይሳሳል። የሳሳ ጀልባ ሰው ይበላል። ኤመን ኮርክ ነው፤ ቫዮሊኑን ከሰቀለው ቆይቷል። ሻይ ጠጪ እንጂ።»

እምቢ አለች፣ እምቢ አለች፣ ጠጣች። ከዚያ ተነሳች። ኤመን ካልተጫወተ ሚሆል አይቀባም፤ ሚሆል ካልቀባ ጀልባው አይሄድም፤ ጀልባው ካልሄደ ደወሉ አይጮህም፤ ደወሉ ካልጮኸ አባቷ አይሰሙም፤ ጆሯቸው ደግሞ አይጠብቅም። አውቶቡስ ውስጥ ይህንኑ በእንግሊዝኛ እየደጋገመች ተለማመደችው። አጠገቧ የተቀመጡት ሴትዮ የምትጸልይ መስሏቸው ዝም አሉ።

ኮርክ ዳገት የበዛባት ከተማ ናት። ወሰንየለሽ ሜዳ የለመደ እግሯን እየረገመች ወጣች። ኤመን በሩን ከፍቶ አስገባት፤ ሻይም ለምኖ ለምኖ አጠጣት፤ ቫዮሊኑ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፣ አቧራ ለብሷል። ነገሯን ስትነግረው አንደበቷ ከጎልዌዩ ይልቅ ተፍታታ።

«እኔ የምጫወተው እህቴ ኖራ ስትዘፍን ነበር» አለ። «እሷ ለንደን ገባች። እናታችን ስትሞት ደውዬ ነይ አልኳት። አልመጣም አለች። አለቀ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ምን አለ? አልመጣም ካለች አልመጣም ነው። የለንደን ሰው ሆናለች፤ የለንደን ሰው አንዴ ነው የሚናገረው።» ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ሽማግሌው የተቀየመ መስሎ ነው እንጂ ሊያለቅስ ነበር።

ወሰንየለሽ የኖራን ስልክና አድራሻ ተቀበለች። ኖራ ካልመጣች ኤመን አይጫወትም፤ ኤመን ካልተጫወተ ሚሆል አይቀባም፤ ሚሆል ካልቀባ ጀልባው አይሄድም፤ ጀልባው ካልሄደ ደወሉ አይጮህም፤ ደወሉ ካልጮኸ አባቷ አይሰሙም፤ ጆሯቸው ደግሞ አይጠብቅም። ደብሊን ስትመለስ ለአባቷ ደወለች። አብረዋቸው የሚኖሩት እህታቸው እትዬ ብርቅነሽ ናቸው ያነሱት። «ጮክ በይ፤ ዛሬ በሩ ሲንኳኳም አልሰማም» አሏት። ወሰንየለሽ ጮኸች፤ አባቷ ግን «ዝናብ አለ ወይ አገሩ?» ከማለት በቀር ነገሯን አልያዙላትም። ስልኩን ዘግታ የሊፊ ወንዝ ድልድይ ላይ ቆማ አለቀሰች። ቀን ጎደለብኝ አለች።

እድል ሲቀና ትምህርት ቤቱ ተማሪዎቹን ለጉብኝት ለንደን ሊወስድ ነው፤ ቪዛውም ተመትቷል። በመርከብ ተሻገሩ፣ በባቡር ገቡ። ወይ ለንደን! ቀዩ ባለ ፎቅ አውቶቡስ ይርመሰመሳል፤ ቴምዝ ጭቃ ለብሶ ይፈሳል። ትልቁ ሰዓት ግንቡ ላይ ሆኖ ማንም ሳይለምነው፣ ማንም ሳይቀዝፍለት በየሰዓቱ ይደውላል። ጓደኞቿ ፎቶ ሲነሱ ወሰንየለሽ ቀና ብላ አየችው። «አንተ ምን አለብህ» አለችው በአማርኛ፣ እየተናደደች። ከዚያ አስተማሪዋን አስፈቅዳ ወደ ኖራ ቤት ሄደች።

ኖራ ጡረታ የወጣች ነርስ ናት፤ ጠባብ አፓርታማ፣ ንጹሕ መጋረጃ። እንግዳዋን አስቀምጣ «ሻይ ትጠጫለሽ?» አለቻት።

«አይ፣ አመሰግናለሁ።»

«እሺ» አለችና ኖራ ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠችው። ወሰንየለሽ ሁለተኛውን ግብዣ ጠበቀች፤ አልመጣም። ጉሮሮዋ ደርቆ ወሬዋን ጀመረች። አሁንማ እንግሊዝኛው እንደ ውሃ ይወርዳል፤ አባቷን፣ ደወሉን፣ ጀልባውን፣ ሚሆልን፣ ኤመንን ሁሉንም ተናገረች።

ኖራ የኤመንን ስም ስትሰማ ጣቷን በጣቷ ያዘች። «ወንድሜ እኮ አልፈለገኝም» አለች። «ነይ አለኝ፤ አይ አታስቸግር አልኩት። እሺ ብሎ ዘጋው። አንዴ እንኳ አልደገመልኝም። ስልኩን ይዤ ስንት ቆየሁ መሰለሽ፣ መልሶ ይደውላል ብዬ።»

ያኔ ለወሰንየለሽ ነገሩ ገባት። ኤመን እህቴ የለንደን ሰው ሆናለች ብሎ ሳይደግም ቀረ። ኖራ ደግሞ ወንድሜ የአገራችንን ደንብ አይረሳም ብላ ሁለተኛውን ጠበቀች። በዚህ ምክንያት ስንት ዓመት! ልትስቅ ፈለገች፣ አልሆነላትም። «አባቴ ይሙት፣ እሱ…» ብላ ልትምል አፏ ላይ ደረሰና ቶሎ ዋጠችው፤ እንኳን ይሙት ሊባሉ። «በሞቴ፣ አንዴ ይጠብቁኝ» አለችና ስልኳን አወጣች። ኖራ በሰው ሞት ምን እንዳገባት አልገባትም፤ ግን ጠበቀች።

«አቶ ኤመን፣ እህትዎን ይጋብዙ።»

«ጋብዤ ነበር እኮ።»

«አንዴ ነው የጋበዙት። እኔን ሻይ ስንት ጊዜ ነው የለመኑኝ?»

ወሰንየለሽ ስልኩን ለኖራ ሰጠቻት።

«ኖራ፣ ነይ» አለ ኤመን።

«አይ፣ አታስቸግር።»

«ነይ እንጂ።»

«ቤቱ ይጠብብሃል።»

«እናታችን የተኛችበት አልጋ ባዶ ነው። ነይ አልኩሽ።» ድምፁ ተሰበረ።

«እሺ» አለች ኖራ። «እሺ፣ ትንሽ ቀን ልምጣ።»

እንግዲህ ያዙኝ፣ አሁን ወደ ኋላ ልሮጥ ነው። ኖራ መጣች፤ ኖራ ስትመጣ ኤመን ቫዮሊኑን አወረደ። ሁለቱም ሚሆልን ከጎልዌይ ይዘው ወደ ባሕሩ መንደር ወረዱ፤ እዚያ ኤመን ሲጫወት ኖራ ዘፈነች። ኤመን ሲጫወት ሚሆል ሬንጁን አፍልቶ በዜማው ቀባ፣ አንድም ቦታ አልሳሳም። ሚሆል ሲቀባ ፈርገስ ጀልባውን ገለበጠ፤ ሬንጁ ሲደርቅ ባሕር ላይ አወረደው።

ወሰንየለሽም ገባች። ከድሬው ደቻቱ ወንዝ በቀር ውሃ ሳታውቅ ያደገች ልጅ፣ ደቻቱም ቢሆን ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው፣ የጀልባውን ጠርዝ ጨብጣ የምታውቀውን ቅዱስ ሁሉ ጠራች። ፈርገስና ሚሆል ቀዘፉ። ደሴቷ ላይ ጣሪያ የሌላቸው ቤቶች፣ ሣር የዋጠው መንገድ፣ በነፋስ የተበላች ትንሽ ቤተ ክርስቲያን። ደወሉ አለ። ኔትወርክ የለም ብላችሁ ደግሞ እንዳታሟርቱብኝ፤ ግድግዳው ላይ ስትወጣ ሁለት መስመር አገኘች።

እትዬ ብርቅነሽ አነሱ። «በደኅናው ጆሮው ላይ ይዤለታለሁ፣ ቶሎ በይ» አሉ።

ፈርገስ አዲስ ገመድ አስሮ ሳበ። ደወሉ አንድ ጊዜ ጮኸ። ወፍራም ነው፤ አባቷ እንዳሉት ከአልጋው ብረት ወፈር ይላል። ድምፁ ባሕሩ ላይ ሄዶ፣ ሄዶ ጠፋ።

«አባባ፣ ተሰማዎት?»

መልስ የለም። ዘገየሁ፣ ጆሯቸው ቀደመኝ ብላ ግድግዳው ላይ ቁጭ አለች።

«እያለቀሰ ነው» አሉ እትዬ ብርቅነሽ።

ከዚያ የአቶ ሸዋንግዛው ድምፅ መጣ፣ የመርከብ ላይ ወጣት ድምፅ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የፈለጉትን ሁሉ ግዴለም፣ ተይው ሲሉ የኖሩት ሰውዬ «ልጄ» አሉ፤ «ድገሚልኝ።»

ደገመችላቸው።

እኔም ወሬዬን ወደብ አስገብቼ አሰርኩ፤ ገመዱን ያዙልኝ።